«በሕግ አምላክ!» ያለው የሚኒሶታ ጠበቃ

ብዕሩ ወርቅ ነው። ርዝመቱ አንድ ጫማ ያህል ይሆናል። ለ አቭር የምትባለው የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ለአሜሪካዊ እንግዳዋ ያበረከተችው ስጦታ ነው። ላዩ ላይ በላቲን «ሰላምን ከፈለግህ ሰላምን አዘጋጅ» የሚል ተቀርጾበታል። የጥንት ሮማውያን የሚሉት «ሰላምን ከፈለግህ ለጦርነት ተዘጋጅ» ነበር። የለ አቭር ሰዎች ገለበጡት።

እንግዳው ፍራንክ ኬሎግ ይባላል። የ71 ዓመት ሽማግሌ ነው። አጠር ያለ፣ ፀጉሩ የነጣ፣ ቶሎ የሚቆጣ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። ኦገስት 27 ቀን 1928 ፓሪስ ውስጥ ከሌሎች 14 አገሮች ተወካዮች ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ። ተራው ሲደርስ ፈረመ። እጁ ድሮም ይንቀጠቀጣል። የዋሽንግተን ሰዎች ከጀርባው «ድንጉጧ ኔሊ» ይሉት ነበር። የሴት ስም የሰጡት ለሽሙጥ ነው።

የፈረሙበት ወረቀት የሚለው ባጭሩ ይኼ ነው፦ ጦርነት ከእንግዲህ ክልክል ነው።

(እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ቀንና ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ልበል። ኬሎግ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብን ቁርስ ነው። የኮርን ፍሌክሱ ኬሎግ ሌላ ሰው ነው፣ የሚሺጋን ሰው። እኔም ለረጅም ጊዜ አምታትቻቸዋለሁ።)

አንድ የገጠር ጠበቃ ዓለምን «ጦርነት ክልክል ነው» ለማለት እንዴት በቃ? ክልከላውስ ምን ሠራ? ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ይኸው ወረቀት ከሰባት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ «እስቲ ይሥራ» ተብሏል።

ከመቀጠሌ በፊት ወደ ራሳችን ነገር ልመለስ። ድሮ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው እጁን ይሰበስባል። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይባል ነበር። ቃሉ ግን ብቻውን አልነበረም ሰውን የሚያቆመው። አልቆምም ያለ ሰው ነገ ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ያውቃል። በዙሪያው ያለው ሰው ምስክር ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ሲሄዱ መንገደኛው ሁሉ ያያል። ከቃሉ ኋላ ዳኛ አለ ማለት ነው።

ኬሎግ በሕይወቱ ሁለት ጊዜ «በሕግ አምላክ» ብሏል። አንዴ ለአሜሪካ ትልቁ ሀብታም፣ አንዴ ለዓለም መንግሥታት። በመጀመሪያው ጊዜ ከኋላው ዳኛ ነበረ።

ከእርሻ ወደ ችሎት

የተወለደው ዲሴምበር 22 ቀን 1856 ፖትስዳም በምትባል የኒው ዮርክ ግዛት ትንሽ ከተማ ነው። ስምንት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሚኒሶታ ሄደ። ያኔ ሚኒሶታ ድንበር ናት። ስንዴ ይዘራል፣ ክረምቱ አጥንት ይሰብራል። አባቱ ጤና አጣ። ልጁ 14 ዓመት ሲሆነው ትምህርቱን አቁሞ እርሻውን ያዘ። ከዚያ በኋላ የመማሪያ ክፍል አልገባም። ሁለተኛ ደረጃ የለ፣ ዩኒቨርሲቲ የለ።

ታዲያ ጠበቃ እንዴት ሆነ? በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሌላ መንገድ ነበር። ጠበቃ ቢሮ ትገባለህ። መጽሐፋቸውን ታነባለህ፣ ጽሑፋቸውን ትገለብጣለህ፣ ትላላካለህ። ከዚያ ፈታኞች ፊት ትቀርባለህ። ኬሎግ በ1875 ሮቸስተር ወደምትባል ከተማ ሄዶ እንደዚያ ነው ያደረገው። ለሚበላውና ለሚያድርበት ለአንድ ገበሬ ጉልበቱን ይሰጥ ነበር። በ1877 ፈቃዱን አገኘ። ገና ወጣት ነው።

ከዚያ የከተማው ዐቃቤ ሕግ ሆነ፣ ቀጥሎም የወረዳው። በሥራው ከሚኒሶታ ታላላቅ ጠበቆች አንዱ ከሆነው ዘመዱ ከኩሽማን ዴቪስ ጋር ተቀራረበ። ዴቪስ በ1887 ሴናተር ሲሆን ሴንት ፖል ያለው ቢሮው ሰው ጎደለው። ኬሎግ ገባ።

ሕይወቱ የተቀየረው እዚህ ነው። የሚኒሶታ ሰሜን ብረት ተገኘበት። ባቡር ተዘረጋ። ብረቱንም ባቡሩንም የያዙት ሰዎች ጠበቃ ይፈልጋሉ። ቢሮው ለማዕድን፣ ለብረትና ለባቡር ኩባንያዎች ይሠራ ጀመር። ኬሎግ የብረቱን ጌታ ካርኔጊን አወቀ፣ የባቡሩን ጌታ ጄምስ ሂልን አወቀ፣ ሮክፌለርን አወቀ። ላም ያልብ የነበረው ልጅ ሀብታም ሆነ።

ሮክፌለርን መክሰስ

በ1901 ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት ትልልቅ ኩባንያዎችን በሕግ ልያዝ አለ። ለዚህ ሥራ የመረጠው ግን የኩባንያዎች ጠላት የሆነ ሰው አይደለም። የራሳቸውን ጠበቃ ነው የመረጠው። ጎሬውን የሚያውቀው እዚያ የነበረ ነው፣ ብልህ ምርጫ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የወረቀት ፋብሪካዎችን ማኅበር ከሰሰ። ፋብሪካዎቹ በአንድ ሻጭ ድርጅት ተሰባስበው የጋዜጣ ወረቀት ዋጋ ይወስኑ ነበር። ኬሎግ ረታ፣ ድርጅቱ ፈረሰ። ጋዜጦች ስሙን በወርቅ ቀለም ቢጽፉለት አይገርምም፣ የወረደው የእነሱ ወጪ ነው።

ከዚያ ዋናው መጣ። ስታንዳርድ ኦይል።

ነገሩን ቀለል ላድርገው። የሮክፌለር ኩባንያ በከፍታው ዘመን ከአሜሪካ የነዳጅ ዘይት ማጣሪያ 90 በመቶ ያህሉን ይዞ ነበር። አያያዙ ተንኮል ነበረው። ከባቡር ኩባንያዎች ጋር በድብቅ ተስማምቶ ጭነቱን በቅናሽ ያስጭናል። ተፎካካሪው ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። ተፎካካሪው ሲደክም ይገዛዋል። የተገዙት ኩባንያዎች በስም የየራሳቸው ናቸው። አክሲዮናቸው ግን ኒው ጀርሲ የተመዘገበ አንድ ድርጅት እጅ ነው። ከውጭ ስታየው ብዙ ሱቅ ነው፣ ባለቤቱ ግን አንድ።

በ1890 የወጣው የሸርማን ሕግ ንግድን ለማነቅ መተባበርን ይከለክላል። ሕጉ አጭር ነው፣ ቃላቱም ሰፊ። ግን አንድ ነገር አለው። መንግሥት ከስሶ ፍርድ ቤት ያቀርባል፣ ፍርድ ቤቱ ይወስናል፣ ውሳኔው ይፈጸማል።

ክሱ በ1906 ሴንት ልዊስ ተከፈተ። ምስክር በምስክር ላይ ተሰማ። በ1908 ራሱ ሮክፌለር ኒው ዮርክ ቀርቦ መሰከረ። መስቀለኛ ጥያቄውን ያቀረበው ኬሎግ ነው። ሽማግሌው ፈገግ እያለ፣ ትሕትናው ሳይጎድል፣ ስለ ብዙው ነገር «አላስታውስም» አለ። ያ ሁሉ ሂሳብ በጭንቅላቱ ይዞ የኖረ ሰው! ኬሎግ ግን የቆመው በሰው ማስታወስ ላይ አልነበረም። ሰነድ ነበረው። መዝገቡ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ 23 ጥራዝ፣ 12,000 ገጽ ያህል ነበር።

ሜይ 15 ቀን 1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስታንዳርድ ኦይል ይፍረስ አለ። የስድስት ወር ጊዜ ሰጠው። አንዱ 34 ሆነ። ከቁርጥራጮቹ አንዱ ኋላ ኤክሰን፣ ሌላው ሞቢል፣ ሌላው ሼቭሮን ሆነ። አዎ፣ «ሞቢል ማደያ» የምንለው ሞቢል። ሮክፌለር በመፍረሱ ደኸየ? አልደኸየም። የቁርጥራጮቹ አክሲዮን ዋጋ ወጣና ይበልጥ ሀብታም ሆነ። ያ ሌላ ጨዋታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ዳኞቹ «መተባበር ሁሉ ክልክል አይደለም፣ ምክንያታዊ ያልሆነው ነው የተከለከለው» አሉ። ይኼ ቀዳዳ ነው። ኩባንያ ሁሉ «የእኔ ምክንያታዊ ነው» ማለቱ አይቀርም። ግን ምክንያታዊ ነው አይደለም የሚለው ኩባንያው አይደለም፣ ዳኛው ነው። ቀዳዳው ላይ ዘበኛ አለ።

ሴናተሩ የተማረው ነገር

ዝና ወደ ፖለቲካ ጎተተው። በ1912 የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1916 ሪፐብሊካን ሆኖ ለሴኔት ተወዳደረ። ያኔ ሕገ መንግሥቱ ገና መሻሻሉ ነው። ሴናተር ቀድሞ በየግዛቱ ምክር ቤት ነበር የሚመረጠው። የሚኒሶታ ሕዝብ በቀጥታ ድምፁ የመረጠው የመጀመሪያው ሴናተር ኬሎግ ነው። በፓርቲው ውስጥ ካሸነፋቸው ሰዎች አንዱ ቻርልስ ሊንድበርግ የሚባል የምክር ቤት አባል ነበር። ይህ ሰው የ14 ዓመት ልጅ ነበረው። ልጁን እናገኘዋለን።

ሴኔት ውስጥ ያየው ትልቁ ጠብ የመንግሥታት ማኅበር ጉዳይ ነው። ፕሬዚዳንት ዊልሰን ማኅበሩን መሥርቶ መጣ። የማኅበሩ ሕግ አንቀጽ 10 አባል አገር ቢወረር ሌሎቹ ነፃነቱን ያስጠብቁለት ይላል። ብዙ ሴናተሮች እዚህ ላይ አሻፈረኝ አሉ። «ልጆቻችን በማያውቁት አገር ሊሞቱ ነው?» ነበር ጥያቄው። ኬሎግ መሀል ላይ ከቆሙት ነበር፤ ትንሽ ማሻሻያ ተደርጎበት ይጽደቅ ከሚሉት። አልሆነም። ስምምነቱ በ1919ም በ1920ም ወደቀ። አሜሪካ ራሷ ያሰበችው ማኅበር ውስጥ ሳትገባ ቀረች።

ኬሎግ ከዚህ የተማረው ግልጽ ነው። አሜሪካን «ወታደር ላኪ» ብሎ የሚያስገድድ ውል ሴኔት ደጃፍ ላይ ይሞታል። ይህንን ካልያዝን የ1928ቱ ወረቀት ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ አይገባንም።

በ1922 ለሁለተኛ ጊዜ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ገበሬው የእህል ዋጋ ወድቆበት ተቆጥቶ ነበር። ያሸነፈው ሄንሪክ ሺፕስቴድ የጥርስ ሐኪም ነው። ኬሎግ ኋላ የጻፈው ውል ጥርስ የለውም ተብሎ መታማቱን ሳስብ ይኼ ግጥምጥሞሽ ያስቀኛል።

ከዚያ ለንደን አምባሳደር ሆነ። ማርች 1925 ላይ ፕሬዚዳንት ኩሊጅ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረገው። ሥራው ሁሉ የሚያስመሰግን አልነበረም። በነዳጅ መሬት ጉዳይ ከሜክሲኮ ጋር ተወዛገበ። ኒካራጓ ውስጥ የአሜሪካ ወታደር ሰፈረ። ይኼን ሁሉ ቦልሼቪኮች ከኋላ ሆነው ያነሳሱታል ብሎ ሰነድ ቢያቀርብ ተሳቀበት። የሰላም ሰው ብለን የምንጠራው ሚኒስትር ይኼ ነው።

የብሪያንድ ወጥመድ

ኤፕሪል 6 ቀን 1927 የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አሪስቲድ ብሪያንድ በጋዜጣ በኩል ለአሜሪካ ሕዝብ መልእክት ላከ። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ የገባችበት አሥረኛ ዓመት ነው። «እኔና እናንተ መቼም ላንዋጋ እንማማል» አለ። ሐሳቡን የሹክሹክታ ያህል የነገሩት ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ጄምስ ሾትዌል የሚባሉ ፕሮፌሰር ናቸው። ከዚያም በፊት ሳልሞን ሌቪንሰን የሚባል የቺካጎ ጠበቃ «ጦርነት በሕግ ይከልከል» እያለ በራሱ ገንዘብ ዘመቻ ያካሂድ ነበር።

ኬሎግ ተናደደ። በመጀመሪያ ነገር፣ የውጭ ሚኒስትር እሱን አልፎ ለሕዝቡ መጻፉ ደፈረኝ አሰኘው። በሁለተኛ ደረጃ ወጥመዱን አየ። ወጥመዱ እንዲህ ነው። ፈረንሳይና አሜሪካ ብቻቸውን «አንዋጋም» ቢሉ፣ ነገ ፈረንሳይ ከጀርመን ጋር ብትዋጋ አሜሪካ ፈረንሳይ ምንም ብታደርግ ጣቷን ማንሳት አትችልም። ወዳጅነት ይመስላል እንጂ ግማሽ የጦር ቃል ኪዳን ነው። ዝም ብሎ ማለፍ ፈለገ።

ዝም ማለት ግን አልተቻለም። ሜይ 20 ላይ አንድ የ25 ዓመት ጎረምሳ ብቻውን ከኒው ዮርክ በአውሮፕላን ተነሥቶ በማግስቱ ፓሪስ አረፈ። ቻርልስ ሊንድበርግ። ኬሎግ በ1916 ያሸነፈው የዚያ ፖለቲከኛ ልጅ! ሁለቱም አገሮች በፍቅር አበዱ። ደብዳቤና የሰላም ፊርማ በሻንጣ ዋሽንግተን ገባ። በዚህ ሰዓት «አልፈልግም» የሚል ሚኒስትር ጉድ ይፈላበታል።

የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ዊልያም ቦራ መውጫ አሳየው። ለሁለት ከሆነ ወጥመድ ነው፤ ለሁሉም ከሆነስ? ዲሴምበር 28 ቀን 1927 ኬሎግ ለፈረንሳይ መለሰ፦ ሐሳባችሁ ግሩም ነው፣ እንዲያውም ዓለም ሁሉ ይፈርመው። አሁን ጭንቅ ውስጥ የገባው ብሪያንድ ነው። እምቢ ቢል «ሰላም ለአሜሪካ ብቻ ነው እንዴ የምትፈልገው?» ሊባል ነው።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ለማምለጥ የጀመረው ነገር ለኬሎግ እውነት ሆነበት። ሥራው ውስጥ ጭልጥ ብሎ ገባ። ሰላም ወዳዶችን በፊት ሲሰድባቸው ነበር፣ አሁን እንደነሱ ይናገር ጀመር። ሰው በማስመሰል ጀምሮ ሲያምን እናያለን።

የውሉ ፍሬ ነገር ሁለት አንቀጽ ነው። በመጀመሪያው ፈራሚዎቹ ጦርነትን የጠብ መፍቻ ማድረግን ያወግዛሉ፣ የመንግሥታቸው ፖሊሲ መሣሪያ ከማድረግም ይታቀባሉ። በሁለተኛው ማንኛውንም ጠብ በሰላም ብቻ ለመፍታት ይስማማሉ። በቃ። ማን ይከሳል? አይልም። ማን ይፈርዳል? አይልም። የጣሰ ምን ይሆናል? አይልም። ሴኔት ደጃፍ ላይ እንዳይሞት የተደረገ ነው።

ቀዳዳውም ነበረ። ራስን መከላከልስ? ኬሎግ ጁን 1928 ላይ ለመንግሥታቱ በጻፈው ማስታወሻ ራስን መከላከል አልተከለከለም አለ። ራስን መከላከል መሆኑን የሚወስነው ማነው? ራሱ አገሩ፣ ብቻውን። የስታንዳርድ ኦይልን ፍርድ አስታውሱ። «ምክንያታዊ ነው» የሚለው ዳኛው ነበር። እዚህ ተከሳሹ ራሱ ዳኛ ሆነ። በችሎት ያደገው ሰው ይኼ ጠፍቶት ነው ብዬ አላምንም። ጠፍቶት ሳይሆን ከዚህ በላይ ማስፈረም እንደማይችል ስላወቀ ነው።

የአሜሪካ ሴኔት ጃንዋሪ 15 ቀን 1929 ውሉን 85 ለ1 አጸደቀው። ድጋፍ ከሰጡት አንዱ የቨርጂኒያው ሴናተር ካርተር ግላስ፣ ይኼ ነገር የፖስታ ቴምብር ያህል ዋጋ አለው ብዬ የማስብ ሞኝ አይደለሁም ብሎ ነው ድምፁን የሰጠው። ወዲያው ሴኔቱ ቀጣዩን አጀንዳ ከፈተ። 15 የጦር መርከብ ስለ መሥራት።

ውሉ ጁላይ 24 ቀን 1929 ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ በዚያ ቀን ከአባላቱ መካከል ነበረች። ጀርመን ነበረች፣ ጃፓን ነበረች፣ ኢጣልያም ነበረች። ኬሎግ የ1929ኙን የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። ከሚኒስትርነት ወርዶ ሄግ ባለው የዓለም ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ።

ሌላም ወረቀት ነበር። ኬሎግ በሥልጣን ዘመኑ ከብዙ አገሮች ጋር የግልግልና የእርቅ ስምምነት ያደርግ ነበር። ከነዚህ ሁለቱ ጃንዋሪ 26 ቀን 1929 አዲስ አበባ ተፈረሙ። በኢትዮጵያ በኩል ንጉሥ ተፈሪ ናቸው። ለንጉሡ የወረቀት ነገር ቀልድ አልነበረም። አገራቸውን በ1923 የመንግሥታት ማኅበር ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ትልልቆቹ «ሕግ» ካሉ በሕጉ እንጠብቃለን የሚል ስሌት ነበራቸው።

አዲስ አበባ፣ 1935

ዲሴምበር 1934 ወልወል ላይ ተኩስ ተከፈተ። ሙሶሊኒ ምክንያቱን አገኘ። መርከቡ በምጽዋ በኩል ወታደር ማራገፍ ጀመረ። ማኅበሩ ጄኔቫ ላይ ነገር ያጓትታል።

ጁላይ 1935 መጀመሪያ ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ የአሜሪካን ጉዳይ ፈጻሚ ቤተ መንግሥት አስጠሩ። የሰጡት ማስታወሻ ይዘቱ ይኼ ነው። እኛም ኢጣልያም የኬሎግን ውል ፈርመናል፤ ውሉ የመጣው ከእናንተ ነው፤ ኢጣልያ እንድታከብረው የምታደርጉበትን መንገድ ፈልጉ። «በሕግ አምላክ» ማለት ከዚህ በላይ የለም።

ከዋሽንግተን መልስ በቀናት ውስጥ ደረሰ። ጉዳዩ ማኅበሩ እጅ ነው፣ በሰላም እንደሚያልቅ ተስፋ አለን፣ ሁለቱ አገሮች ከሰላም ውጭ ሌላ መንገድ ይከተላሉ ብለን ማመን ይከብደናል። በዲፕሎማሲ ቋንቋ «አትንኩን» ማለት ነው። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ኸል በቀጣዩ ሳምንት ውሉ ዛሬም ያስገድዳል አለ። ማንን፣ በማን? እዚያ ላይ ዝም።

ታዲያ ንጉሡ ሌላውን የኬሎግ ሥራ ሞከሩ። እያወቁ አይደለም፣ ግን ሞከሩ። ኦገስት መጨረሻ ላይ ፍራንሲስ ሪኬት የሚባል እንግሊዛዊ ደላላ አዲስ አበባ መጣ። የአገሪቱን ግማሽ ያህል ነዳጅና ማዕድን ለ75 ዓመት የሚሰጥ ውል ተፈረመለት። ከጀርባው ያለው ኩባንያ ስታንዳርድ ቫኩም ነበር። የስታንዳርድ ቫኩም ባለቤቶች እነማን ናቸው? ኬሎግ በ1911 ካስፈረሰው ግዙፍ ኩባንያ የተገነጠሉት የኒው ጀርሲና የኒው ዮርክ ቁርጥራጮች። ስሌቱ አይጠፋም። አሜሪካ ለወረቀት ካልመጣች ለነዳጇ ትመጣለች። የአሜሪካ ኩባንያ መሬት ላይ ሙሶሊኒ ቦምብ ለመጣል ሁለት ጊዜ ያስባል።

ይኼም አልሠራም። ዋሽንግተን ኩባንያውን ጠርታ ተው አለችው። በቀናት ውስጥ ውሉ ተሰረዘ። በዚያው ሰሞን ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት (ከቴዎዶር ሌላ ነው) የገለልተኝነት ሕግ ፈረመ፦ ለተዋጊዎች ሁሉ የጦር መሣሪያ መሸጥ ክልክል። እኩል ይመስላል። ኢጣልያ መሣሪያዋን ራሷ ትሠራለች። ኢትዮጵያ ከውጭ ካልገዛች የላትም። ነዳጅ ደግሞ አልተከለከለም።

ኦክቶበር 3 ቀን 1935 የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ጦርነት ሳይታወጅ ነው። ከዚያ በፊት በ1931 ማንቹሪያን ስትይዝ ጃፓንም አላወጀችም፣ «ራሴን ተከላከልኩ» ነው ያለችው። ኢጣልያም ተበዳይዋ እኔ ነኝ አለች። ኬሎግ በማስታወሻው የተወው ቀዳዳ ሰው የሚያሾልክ ሳይሆን ታንክ የሚያሳልፍ ሆነ።

ታዲያ ከንቱ ነበር?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው፣ ስቆ። እኔ ትንሽ ልቀጥል።

ከ1928 በፊት የነበረውን ሕግ እናስታውስ። አገር አገርን ቢወርና ቢያሸንፍ መሬቱ የእሱ ነው። ዘረፋ አልነበረም ስሙ። ሕጋዊ የባለቤትነት መንገድ ነበር። ድል የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። ውሉ ጦርነትን ሕገወጥ ሲያደርግ ይህ ካርታ መሠረቱ ተናደ። ሕገወጥ በሆነ ነገር እንዴት ሕጋዊ ባለቤት ይኮናል? የኬሎግ ተተኪ ሄንሪ ስቲምሰን በ1932 ይኼን በግልጽ ተናገረ፦ ውሉ ተጥሶ የተገኘን ግዛት አሜሪካ አታውቅም።

ለእኛ ይኼ ምን አመጣ? ሙሶሊኒ በ1936 ኢትዮጵያ የኢጣልያ ግዛት ሆነች ብሎ ሲያውጅ ብሪታንያና ፈረንሳይ ውሎ አድሮ ተቀበሉት። አሜሪካ አልተቀበለችም፣ እስከ መጨረሻው። መድፍ አልላከችም። ጥይት አልሸጠችም። ግን በመዝገቧ ላይ ኢትዮጵያን አልሰረዘችም። በጊዜው ማይጨው ላይ ለነበረ ሰው ይኼ ምኑም አይደለም። እውነት ነው።

በ1945 ደግሞ ውሉ ከመሳቢያ ወጣ። ኑረምበርግ ላይ የናዚ መሪዎች ሲከሰሱ ጠበቆቻቸው «ጦርነት መጀመር ወንጀል የሚል ሕግ የት አለ?» አሉ። መልሱ የ1928ቱ ወረቀት ነበር፤ ጀርመን ፈርማበታለች። በ17 ዓመቱ ዳኛ አገኘ።

ለኢትዮጵያ ግን ኑረምበርግ አልቆመላትም። ግራዚያኒ በ1950 የተፈረደበት በኢጣልያ ፍርድ ቤት ነው፣ ያውም ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ። ስለ አዲስ አበባ አልተጠየቀም። ቶሎም ተፈታ።

ኬሎግ ይኼን አላየም። ዲሴምበር 21 ቀን 1937 ሴንት ፖል ውስጥ ሞተ፤ አንድ ቀን ቢያድር 81 ዓመቱ ነበር። ያን ቀን አዲስ አበባ ላይ የኢጣልያ ባንዲራ ይውለበለባል። ሚኒሶታ ያላችሁ ሴንት ፖል መሀል ከተማ በኬሎግ ቡሌቫርድ ስታልፉ ስሙ የእሱ ነው።

ውሉ እስከ ዛሬ አልተሻረም። ሰነዱ ዋሽንግተን ተቀምጧል። የኢጣልያም ስም የኢትዮጵያም ስም እዚያው መዝገብ ውስጥ ነው።